ጆሮሽን ያዢ

ስምንት ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ፀጉር ሠሪ ሊሆኑ በድብቅ እየተማሩ መሆናቸውን ደረስኩበት።

የነገረኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት፤ ያኔም ቢሆን ሰው እስኪነግረኝ መጠበቅ አልወድም ነበር። ማስረጃ ነበረኝ። ማስረጃዎቼን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መለስ ብዬ ሳያቸውም እንከን አላገኝባቸውም። የተሳሳተው መደምደሚያው ብቻ ነው።

አክስቴ ኦዴሳ ፀጉር ቤት ነበራት፤ አላባማ ውስጥ፣ ቤል ክሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ እኛ ጥቁሮቹ በምንኖርበት በኩል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ፀጉር የሚደርቅበት አንድ ካስክ፣ የብረት ማበጠሪያ የሚግልበት አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ። ከመስታወቱ በላይ የአክስቴ የሙያ ፈቃድ በፍሬም ተሰቅሏል፤ የመንግሥት ማኅተም አለበት፣ ጥጉ ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል። እናቴ ሥራ ፍለጋ ዲትሮይት ስትሄድ ለአክስቴ ነው ትታኝ የሄደችው። ስለዚህ የምበላው ዳቦ፣ የምጫማው ጫማ፣ እሑድ እሑድ ፀጉሬ ላይ የሚታሰረው ሪባን ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ወረቀት ነው።

"ይህን ለማግኘት ሞንትገመሪ ድረስ ሄጄ ተፈትኛለሁ" ትለኝ ነበር አክስቴ፣ አቧራውን በጠረገችው ቁጥር። "በአንዴ ነው ያለፍኩት።"

በኔ ዕውቀት በዓለም ላይ ያለው ፈተና አንድ ብቻ ነበር። እሱም የፀጉር ሠሪነት ፈተና ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ይዘጋል። አመሻሽ ላይ ግን ሰዎች አንድ አንድ እያሉ በጓሮ በር ይገባሉ። የአክስቴ ጓደኛ ኦፓል ትመጣለች፣ በቤተ ክርስቲያን ልማድ 'እህት ኦፓል' የምንላት፤ ለነጮች ልብስ እያጠበች የምትኖር፣ በሩን ሞልታ የምትገባ፣ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። አባባ ሌሙኤል ይመጣሉ፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ እንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎች ሦስት አራት ሴቶችም ከቤተ ክርስቲያናችን ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ ሽታ ነበር። ፀጉር ሲተኮስ ይሸታል፤ የቅባትና የተለበለበ ፀጉር ሽታ ነው፣ ከልብስ ቶሎ አይለቅም። ሐሙስ ግን ምንም አይሸትም። ሴቶቹ ሻሽ አስረው ይገባሉ፣ በዚያው ሻሽ ይወጣሉ፣ ከሻሹ ሥር ያለው ፀጉር እንደገባ ነው። ሁለተኛው ማስረጃዬ የአባባ ሌሙኤል አናት ነው። ዝንብ የሚያዳልጥ መላጣ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ ፀጉር ቤት የሚመላለሰው ለምንድነው? ለመሠራት ካልሆነ ለመሥራት ነዋ።

ሦስተኛውን ማስረጃ የሰጠችኝ እህት ኦፓል ናት። ሐሙስ ሐሙስ የኔ ቦታ በረንዳው ላይ ነው። "ነጮች የተቀመጡበት መኪና ወደዚህ ሲመጣ ካየሽ ገብተሽ 'ጠማኝ' በዪኝ። ሌላ ምንም እንዳትይ" ብላ አክስቴ አዝዛኛለች። ነጮቹ የፀጉር አተኳኮስ ምስጢራችንን እንዳይሰርቁን ነው ብዬ ተረዳሁ። ትእዛዙን አከበርኩ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው፣ የትንኝ ሽቦ ደግሞ ወሬ አያግድም።

"ወደቅኩ" አለች እህት ኦፓል አንድ ሐሙስ፣ ገና ሳትቀመጥ።

"አሁንም?" አለች አክስቴ።

"አሁንም። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። 'አንድ ሳሙና ስንት አረፋ ይወጣዋል?' አለኝ።"

"ስንት ምን?"

"አረፋ። ሃያ ዓመት የነሱን አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። 'እንደ አጣቢዋ ነው ጌታዬ' አልኩት። 'እርስዎ ከሆኑ የሚያጥቡት ምንም አይወጣው' ልለው ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ተውኩት።"

"እንኳንም ተውሽው።"

"ተውኩት እንጂ እስካሁን እዚህ ጉሮሮዬ ላይ አለ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ነገሩ ተገልጦልኛል። ሳሙና ያለ ፀጉር ማጠብ የለም፣ ፀጉር ማጠብን የማያውቅ ደግሞ ፀጉር ሠሪ አይሆንም። ፈተናው ይህ ነው፣ እህት ኦፓልም ወድቃለች። በማግስቱ ገንዳው ውስጥ ሳሙና አሟምቼ አረፋ ስቆጥር አክስቴ ደረሰችብኝና ሳሙናውን ነጠቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ የምሰማው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። አክስቴ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እነሱ ይደግማሉ። አንቀጽ እንዲህ፣ ክፍል እንዲህ፤ ማንም ሰው ያለ ሕግ አግባብ ነፃነቱንና ንብረቱን አያጣም። ለፀጉር ይህን ያህል ሕግ ማስፈለጉ አልገረመኝም። የኔን ፀጉር የሚያውቅ ሰው ሕግ ያስፈልገዋል ቢባል አይከራከርም።

እህት ኦፓልን ስለ አረፋ የጠየቃት ሰውዬ፣ አደባባዩ ላይ ባለው ፍርድ ቤት የሚሠራ የመራጮች መዝጋቢ ነበር። ፈተናው ጥቁር ሰው በመራጭነት እንዳይመዘገብ የተበጀ ነው፤ መልስ እንዲኖረው የፈለገ የለም። ትምህርቱ ፀጉር ቤት የሆነውም በምክንያት ነው። አስተማሪ ቢያስተምር ትምህርት ቢሮው ያባርረዋል፣ አራሽ ቢያስተምር ባለመሬቱ ያባርረዋል። ከአክስቴ ደንበኞች መሃል ግን አንድም ነጭ አልነበረም፤ ስለዚህ እንጀራዋን የሚነፍጋት አለቃ የለባትም። ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አክስቴ ሙያዋን ለግማሽ ደርዘን ሰው በነፃ እያስተማረች ነው። ሲያልፉ ግማሽ ደርዘን ፀጉር ቤት ይከፈታል። በቤል ክሪክ ያለው ራስ ደግሞ ያው ነው፤ አይጨምርም።

አክስቴ ሞኝ ናት ብዬ ደመደምኩ። ሞኝ ስለሆነችም እሷን ማዳን የኔ ፈንታ ሆነ። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት "ልባችሁ የሚሻውን ለምኑ" ሲሉን፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም በስማቸው እየጠራሁ እንዲጥላቸው እግዚአብሔርን ለመንኩት። በየጊዜው ወደቁ። ጸሎቴ እንደዚያን ዘመን ሰምሮልኝ አያውቅም።

አባባ ሌሙኤልን መጥላት ግን አቃተኝ። ሲመጡ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኛል። እሳቸው ገና ወደ ፈተናው አልሄዱም፤ ስለዚህ በጊዜ ላስተዋቸው ሞከርኩ።

"አባባ ሌሙኤል፣ እርስዎ ለምን ይማራሉ? አርጅተዋል እኮ።"

"ስላረጀሁ ነዋ የምቸኩለው።"

"ከባድ ነው ይላሉ።"

"ከባድ ነው ልጄ። ስሜን መጻፉ ብቻ ስንት ሐሙስ ፈጀብኝ መሰለሽ።"

"እጅዎ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።"

እጃቸውን ዘርግተው አዩት። "መጋዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጠኛል፣ ቤት ስገባም አልተውህ ይለኛል።"

"በዚህ እጅዎ ታዲያ ሰው ያቃጥላሉ።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም። ቢያልፉ ምን ያደርጋሉ?"

አባባ ሌሙኤል ወደ ከተማው መሃል አገጫቸውን ቀሰሩ። "ካለፍኩማ የእሑድ ኮፍያዬን አደርጋለሁ። እዚያ አደባባዩ ላይ በፊት ለፊቱ በር ነው የምገባው።"

ኦቾሎኒው አፌ ውስጥ ቆመ። አደባባዩ ላይ ሊከፍቱ ነው።

ምክትል ሸሪፍ ዳብኒ የመጣው ከዚያ በሁለተኛው ሐሙስ ነው። ዳብኒ ጢሙ በወጉ ያልወጣ፣ አንገቱ ከፀሐይ የተነሣ ሁልጊዜ የሚቀላ ወጣት ነበር። መኪናውን ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ትቶ በእግሩ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ መኪና ጠብቂ እንጂ እግር ጠብቂ አልተባልኩም። አጥሩን ታክኮ ብቅ ሲል ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ ነበር። ዘልዬ ገባሁ።

"አክስቴ፣ ጠማኝ" አልኩ።

"እኔንም" አለ ዳብኒ፣ ከኋላዬ፣ ከጭንቅላቴ በላይ።

አክስቴ ፈጣን ናት፤ የሐሙስ ሰዎቿም ከእሷ ተምረዋል። በእኔና በእሱ ቃል መሃል ባለችው ቅጽበት እህት ኦፓል ካስኩ ሥር ገብታ መጽሔት ገልጣለች። ካስኩ አልተሰካም፣ መጽሔቱም ተዘቅዝቋል፣ ግን ገብታለች። ሌሎቹ ሴቶች ሻሻቸውን ፈትተው ተራ የሚጠብቁ መስለዋል። አባባ ሌሙኤል የት ይግቡ? ክፍሉ መሃል፣ አንድ ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ አምፖሉ አናታቸው ላይ እያበራ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

አክስቴ ውኃ ቀድታ ሰጠችው። ኮፍያውን ሳያወልቅ ጠጣ።

"ኦዴሳ፣ ሐሙስ ትዘጋለች ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"ዝግ ነው ጌታዬ። ቅዳሜ ስለሚጨናነቅብኝ አንዳንዱን ሰው ዛሬ ነው የምሠራው።"

ዳብኒ እህት ኦፓልን ትክ ብሎ አያት። "አንቺ ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤት አልነበርሽም?"

"ነበርኩ ጌታዬ። ፀጉሬን ሳልሠራ ሄጄ፤ ለዚያ ነው መሰለኝ የጣሉኝ።"

ዳብኒ አልሳቀም። ወደ አባባ ሌሙኤል ዞረ። "አንተ ልጅ፣ አንተስ? ልትሠራ ነው የመጣኸው?"

ልጅ የተባለው ማን እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ። ክፍሉ ውስጥ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ ሌሙኤል ወረቀቱን በግራ እጃቸው አጥፈው ያዙ። ዳብኒ ብርጭቆውን አስቀመጠና በጣቱ ከመስታወቱ በላይ አሳየ። "ኦዴሳ፣ እዚህ ቤት ሌላ ነገር ይሠራል የሚል ወሬ ደርሶኛል። እውነት ከሆነ ያንን ወረቀት ለማውረድ ሞንትገመሪ ድረስ መጻፍ አያስፈልገኝም። እጄ ይደርሳል።"

ዳቦዬ፣ ጫማዬ፣ ሪባኔ፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ታዩኝ። አክስቴ ለእንዲህ ያለ ቀን ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ የመዘምራን ልምምድ ነው ልትል። አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"ፀጉር ሠሪነት እየተማሩ ነው" አልኩ።

እህት ኦፓል መጽሔቷን ቀስ ብላ አቃናች።

"ማን?" አለ ዳብኒ።

"አባባ ሌሙኤል። ሁሉም ይማራሉ፣ ግን አይችሉም፤ ፈተናው ይጥላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከሁሉም ሰነፍ ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ፊት ቆሜአለሁ፤ በሰልፍም፣ በስብሰባም። የዚያን ቀን ያህል በልበ ሙሉነት ተናግሬ አላውቅም። ስላልዋሸሁ ነው።

"ሌሙኤል አይደለህም እንዴ?" አለ ዳብኒ። "እንጨት መሰንጠቂያው ያለኸው? እውነቷን ነው?"

አባባ ሌሙኤል እኔን አዩኝ። አክስቴን አዩዋት። ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃድ አዩት። የቤታችን ዕጣ እሳቸው አፍ ውስጥ ነበረ።

"እንግዲህ ጌታዬ" አሉ፣ "እንጨቱ እየከበደኝ ነው።"

የዳብኒ ከንፈር ወደ አንድ ጎን ሄደ። አክስቴን ወንበር አስጠግታ እንድትሰጠው አዘዛትና በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ በእግሩ መውጫውን ዘጋው። "እስቲ አሳየኝ" አለ።

"በማን ላይ ጌታዬ?" አሉ አባባ ሌሙኤል።

"በሷ።" ጣቱ እኔ ላይ ነበር።

አክስቴ ልጆች የሚቀመጡበትን ጣውላ ወንበሩ ክንዶች ላይ አጋድማ እላዩ ላይ አስቀመጠችኝ፣ አንገቴ ላይ ጨርቅ አሰረችልኝ። ምድጃውን ለማቀጣጠል ክብሪት ጫረች፣ ከሸፈ። ሌላ ጫረች፣ ከሸፈ። ክብሪት ሲከሽፍባት አይቼ አላውቅም። ሦስተኛው ያዘ። የብረት ማበጠሪያውን እሳቱ ላይ አደረገችና ወደ ኋላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ልትረዳቸው አትችልም፤ ዳብኒ የሚያየው እጇን ነው።

እኔ ግን ፈታኝ ሆንኩ። ሥርዓቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ማበጠሪያው ሲግል ይነሣል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ወረቀት ላይ ይሞከራል። ወረቀቱን ካጠቆረው ገና ነው፤ ይቆያል። አባባ ሌሙኤል ብረቱን ከእሳቱ አንሥተው እንደጨሰ ቀጥታ ወደ እኔ ይዘውት መጡ።

"ወረቀት" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ኧ?"

"መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሞክሩት።"

አባባ ሌሙኤል ክፍሉን በዓይናቸው አሰሱ። ቤቱ ውስጥ ለሙከራ የሚሆን ወረቀት የያዘው የእሳቸው ግራ እጅ ብቻ ነበር። ለአፍታ አዩት። ከዚያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘርግተው ብረቱን ጫኑበት። ወረቀቱ በማበጠሪያው ጥርስ ልክ ተሸንሽኖ ጠቆረ፣ ከጥጉም ጭስ ተነሣ።

"ብዙ ግሏል ወንድም ሌሙኤል፤ ይብረድልዎት" አለችና አክስቴ ወረቀቱን ነጥቃ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ዳብኒ ሊያነበው ቢጠይቅ ምን ያገኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ከሕገ መንግሥቱ የተወሰደ አንድ አንቀጽ ነው፤ አባባ ሌሙኤል በገዛ እጃቸው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ሦስት ሐሙስ ፈጅተው የገለበጡት።

ብረቱ በረደ። ሥራው ተጀመረ። አባባ ሌሙኤል ፀጉሬን የሚይዙት የሰውን ፀጉር እንደ ነካ ሰው ሳይሆን የተኛ እባብ እንደ ያዘ ሰው ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"ምንድነው የሚያጉተመትመው?" አለ ዳብኒ።

"እየጸለዩ ነው ጌታዬ" አለች እህት ኦፓል ከካስኩ ሥር።

"ለማን?"

"ለልጅቷ።"

በቀኝ በኩል ያለው ፀጉሬ ግማሹ ተቃና፣ ግማሹ እንደነበረ ቀረ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። እኔም ጠበቅኩ። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሆና ያደገች ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ የጋለ ብረት ጆሮ ጋ ሲደርስ ፀጉር ሠሪዋ "ጆሮሽን ያዢ" ትላለች፣ ልጅቷም ጆሮዋን በጣቷ አጥፋ ወደ ታች ትይዛለች። በሕይወቴ የጆሮዬን ያህል የያዝኩት ነገር የለም። ራሴ ብይዘው ማን ይከለክለኛል? ግን ፈተና ነው። ፈታኝ ደግሞ መልሱን አይናገርም። እጄን ከጨርቁ ሥር አድርጌ ዝም አልኩ። መዝጋቢውም ከጠረጴዛው ኋላ ሲቀመጥ እንዲህ ሳይሰማው አልቀረም።

አባባ ሌሙኤል አላሉም።

ጠሽ አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፣ ሕመሙ ቀጥሎ መጣ። በመስታወቱ ውስጥ የአባባ ሌሙኤልን ዓይን አየሁ፤ የተቃጠሉት እሳቸው ይመስሉ ነበር። ከበላያቸው የአክስቴ ፈቃድ አለ። ከበሩ በኩል ዳብኒ አንገቱን አስግጎ አፌን ያያል።

አልጮህኩም። ይህን ታሪክ የሚሰሙ ሰዎች ለሽማግሌው አዝኜ ነው ብል ደስ ይላቸዋል። ለወረቀቱ ነው። ብጮህ "ኦዴሳ ማስተማር አትችልም" ብሎ ያወርደዋል ብዬ ነው።

"እንዴት ነው?" አለኝ ዳብኒ።

"ጥሩ ነው" አልኩ። እንባዬ እስከ አገጬ ወርዷል። "ትንሽ ይቀራቸዋል።"

ዳብኒ ያኔ ፈነዳ። ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ፣ የበሩን መቃን ይዞ ሳቀ፣ ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገበት። ወደ ቤታችን ገብቶ ኮፍያውን ያወለቀው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። "ኦዴሳ" አለ ሲወጣ፣ "ይሄን ሰው ካስመረቅሽው የከተማሽ ሴቶች በሙሉ ሻሽ እንዳሰሩ ይቀበራሉ።" ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማን ነበር። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

በዚያው ወር፣ በጎረቤት አውራጃ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥበትን ቤት ሰዎች አቃጥለውት ነበር። ባለቤቶቹ በመስኮት ነው የወጡት። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ይህን ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ክብሪቱ ለምን እንደከሸፈ የገባኝ ይህን ስሰማ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው እህት ኦፓል ናት። "ወንድም ሌሙኤል" አለች፣ "ለቅዳሜ ቀጠሮ ይይዙልኝ?"

አክስቴ ገንዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ እንደዚያ ቁጭ እስክትል ስትስቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሴቶቹ ተያይዘው ሳቁ። አባባ ሌሙኤል ብቻ አልሳቁም። ብረቱን በጥንቃቄ አስቀመጡና ከፊቴ በርከክ አሉ።

"አሳመምኩሽ ልጄ።"

"'ጆሮሽን ያዢ' አላሉኝም።"

"ማለት ነበረብኝ?"

"መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው።"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ወድቀዋል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

አክስቴ ጆሮዬን ቫዝሊን ቀባችልኝ፣ ፀጉሬንም በወጉ ጨረሰችልኝ። እውነቱን ግን አልነገረችኝም። ካደግኩ በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ጠየቅኳት። "እውነቱን ባሳውቅሽ ኖሮ እንዲያ አምነሽ የምትናገሪውን አበላሽብሽ ነበር" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ምድጃው ይቀጣጠል ጀመር፤ ቤቱም እንደ ፀጉር ቤት ይሸት ጀመር። በየሳምንቱ አንዷ በተራዋ ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሶ ትቀመጣለች፤ ድንገት ሰው ቢመጣ።

ዳብኒ ደግሞ ወሬውን በማግስቱ እንጨት መሰንጠቂያው አደረሰው። አባባ ሌሙኤል እዚያ "እመቤት ሌሙኤል" ተባሉ። መጋዛቸው ላይ ማበጠሪያ አንጠለጠሉባቸው። የፋብሪካው አለቃ ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሣና "ዛሬ ከፊት በኩል ትንሽ ብቻ አሳጥሪልኝ" ይላቸዋል። እሳቸውም ሳይስቁ "ዛሬ ሞልቷል ጌታዬ፣ ሐሙስ ይምጡ" ይሉታል። አለቃው ሐሙስ አልመጣም። ማንም አልመጣም። የሚስቅበትን ነገር ሊመረምር የሚሄድ የለም፤ እሳቸው ይህን ገብቷቸው ቀኑን ሙሉ ሲሳቅባቸው ውለው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ኦቾሎኒዬን ይዘው ይመጡ ነበር። በዚያ ክረምት እህት ኦፓል ሌላ ሁለት ጊዜ ወደቀች። እሳቸውም ሄደው አንድ ጊዜ ወደቁ። እኔም መጸለዬን አላቆምኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቁሮችን በፈተና ከመምረጥ መከልከልን ያስቀረው አዲሱ ሕግ ወጣ። ከዋሽንግተን የተላከ ሌላ መዝጋቢ አደባባዩ ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ። ስለ ሳሙና አልጠየቀም። አባባ ሌሙኤል የእሑድ ኮፍያቸውን አድርገው በፊት ለፊቱ በር ገቡ፤ ስማቸውንም በራሳቸው እጅ ጻፉ።

ከዚያ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ በረንዳ ነው የመጡት። ኦቾሎኒውን ሰጡኝ። ከኮት ኪሳቸው አንዲት ካርድ አውጥተው በሁለት እጃቸው ይዘው አሳዩኝ። ስማቸው አለበት፣ ማኅተምም አለበት። ፎቶ አለመኖሩ ትንሽ አጠራጠረኝ።

"አለፍኩ" አሉኝ።

"'ጆሮሽን ያዢ' ማለት ተማሩ?"

"እሱንማ አልረሳም።"

"ታዲያ የት ሊከፍቱ ነው? አደባባዩ ላይ?"

አባባ ሌሙኤል ፊቴን አዩ፣ የጆሮዬን ጠባሳ አዩ፣ ዞረው የአክስቴን በር አዩ። ስለ ምን እንደምጠይቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ስለ ምን ስጨነቅ እንደኖርኩ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። ካርዷን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

"አልከፍትም" አሉ። "አክስትሽ እያለች እኔ ምን ቆርጦኝ።"

"ይማሉ?"

ኮፍያቸውን አወለቁና ደረታቸው ላይ አደረጉት። "እምላለሁ።"

ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት በቤል ክሪክ ምርጫ በተደረገ ቁጥር ሳይነጋ ሄደው ተሰልፈዋል፤ የሰው ጭንቅላት ግን ሁለተኛ አልነኩም።